አሸዋ ወይስ ባዶ ወለል? የሪፍ አኳሪየም ወለል አመራረጥና አሠራር

በሪፍ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራልና የባሕር ዓሣ በሚኖሩበት የጨው ውሃ ታንክ፣ ውስጥ የሚረግፈው ሁሉ መጨረሻው ወለል ነው። ዓሣው ያልበላው ፍርፋሪ፣ በልቶ ያወጣው፣ ኮራል የሚተፋው ንፍጥ፣ ከድንጋይ ቀዳዳ የሚወጣው ብናኝ ተጠራቅሞ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። አሸዋ ላድርግ ወይስ ወለሉን ባዶ ልተወው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ተደርጎ ይነሳል፤ ከሥሩ ሲታይ ግን የዚህ ዝቃጭ ጉዳይ ነው። አሸዋ ይውጠዋል፤ ባዶ ወለል ደግሞ ዓይናችሁ ፊት ያስቀምጠዋል። የተዋጠውን ማን እንደሚፈጨው፣ የተቀመጠውን ማን እንደሚያነሳው ሳይታሰብ አንዱን መምረጥ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ወለሉ ውስጥ የሚካሄደው

አሸዋ የባክቴሪያ ቤት ነው። የላይኛው ስስ ሽፋን ኦክስጅን ስለሚያገኝ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። ወደ ታች ሲወረድ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት ከናይትሬቱ ስለሆነ ናይትሮጅን ጋዝ ይለቃሉ። በጎን መስታወት በኩል አሸዋው መሃል ላይ ታስረው የሚታዩት ትናንሽ አረፋዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጡ ናቸው። ከዚያም በታች፣ ኦክስጅንም ናይትሬትም ሲጠፋ፣ በባሕር ውሃ ውስጥ በብዛት ያለውን ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ። አሸዋውን የሚያጠቁረው ይህ ሰልፋይድ ከብረት ጋር ሲዋሃድ ነው። ጥቁር መስመር መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ አደጋው ያ ሽፋን በአንድ ጊዜ የተገለበጠ ዕለት ነው።

ፎስፌት ግን ጋዝ ሆኖ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። አራጎናይት አሸዋ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ፎስፌትን በገጹ ላይ ይይዛል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሲቀንስ ደግሞ የያዘውን መልሶ ይለቃል። በመጀመሪያው ዓመት ፎስፌቱ ዝቅ ብሎ «አሸዋው ሠርቷል» ያስባለ ታንክ በሁለተኛው ዓመት ምክንያቱ በማይታወቅ አልጌ የሚሸፈነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

አንድ የቆየ እምነትም እዚህ ላይ ቢነሳ ጥሩ ነው። አራጎናይት አሸዋ ፒኤችን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል ይባላል። በተለመደው የሪፍ ውሃ፣ ማለትም ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ፒኤች፣ አሸዋው ይህ ነው የሚባል መጠን አይሟሟም። ለኮራል ካልሲየም በሚያሟሟው መሣሪያ፣ በካልሲየም ሪአክተር፣ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጨመረ ፒኤቹ ወደ 6.5 አካባቢ የሚወርደውም አራጎናይቱ እንዲሟሟ ተብሎ ነው። ስለዚህ ለፒኤች ብላችሁ አሸዋ አትግዙ።

ባዶ ወለል ይህ ሁሉ የለውም። ናይትሬት የሚፈታው በድንጋዩ ውስጠኛ ቀዳዳዎች ብቻ ነው፤ ትላትሉና ኮፔፖድ የሚባሉት ደቃቅ የውሃ እንስሳት ያንሳሉ። በምትኩ ዝቃጩ ሳይበሰብስ፣ ማለትም ናይትሬትና ፎስፌት ሳይሆን፣ በቱቦ ተስቦ ይወጣል። የባዶ ወለል ጥቅም ሙሉ በሙሉ «በቱቦ ተስቦ» የምትለዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካልተሳበ ከአሸዋ የባሰ ነው፤ የሚፈጨው የለምና።

ምርጫው በሦስት ጥያቄ

መጀመሪያ የምታስገቧቸውን እንስሳት ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዳንዶቹ ጥያቄውን እዚያው ይዘጉታል። ሃሊኮሬስ፣ ኮሪስና «ሌፐርድ ራስ» የሚባሉት ማክሮፋሪንጎዶን ዓሦች ሌሊት አሸዋ ውስጥ ገብተው ያድራሉ፤ ሲደነግጡም የሚሸሹት ወደዚያው ነው። ባዶ መስታወት ላይ አፋቸውን እየደበደቡ ይቆስላሉ። ጆውፊሽ የሚባለው ዓሣ ጉድጓዱን የሚቆፍርበትና ግድግዳውን የሚደግፍበት ከ12 እስከ 15 ሴ.ሜ. አሸዋ ከጠጠርና ከዛጎል ስብርባሪ ጋር ይፈልጋል። ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር የሚኖሩት ጎቢዎች፣ አሸዋ በአፋቸው እየዘገኑ የሚያጣሩት ቫለንሲዬኒያ ጎቢዎች፣ ኮንችና ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎችም ከአሸዋ ውጭ ኑሯቸው የተሟላ አይሆንም። ከኮራሎች ትራኪፊሊያ በለስላሳ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ ሥጋው ከታች ሳይፈተግ በደንብ ይነፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የውሃው ፍሰት ነው። ዝርዝራችሁ በአክሮፖራና በመሳሰሉት ኤስፒኤስ (ትናንሽ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ) ኮራሎች የተሞላ ከሆነ በሰዓት የታንኩን መጠን ከ30 እስከ 50 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ ፍሰት ትፈልጋላችሁ። 120 በ60 በ60 ሴ.ሜ. የሆነ ታንክ 430 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይህ ማለት በሰዓት ከ13,000 እስከ 21,500 ሊትር ማለት ነው። ደቃቅ አሸዋ ግን ከ10 እስከ 20 እጥፍ ካለፈ መብረር ይጀምራል፤ አንዱ ጥግ መስታወቱ ይገለጣል፣ ሌላው ጥግ ክምር ይሆናል፣ የተነሳው አሸዋ ኮራል ላይ ያርፋል። ለስላሳ ኮራልና ኤልፒኤስ (ትላልቅ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች) ለሚያረባ ይህ ችግር አይደለም።

ሦስተኛው ስለራሳችሁ ነው፤ በሐቅ መልሱት። በየሳምንቱ ቱቦ ይዛችሁ ወለሉን ትጠርጋላችሁ? መልሱ «አንዳንዴ» ከሆነ ባዶ ወለል አይሆናችሁም። ስስ አሸዋ አንድ ሁለት ሳምንት ብትዘገዩ ይታገሣል።

አሸዋ የግድ የሚል እንስሳ ከሌለ፣ ኮራሉ ኤስፒኤስ ከሆነ፣ ጽዳቱም ከማይሰለቸው ሰው እጅ ከሆነ ባዶ ወለል ያለጥርጥር ይሻላል። ከዚህ ውጭ ላለ አብዛኛው ሰው ግን ስስ አሸዋ ይበልጣል። ለጀማሪ ባዶ ወለል «ቀላል ነው» እየተባለ ሲመከር ይሰማል፤ ለማጽዳት ቀላል መሆኑ እውነት ነው፣ ሚዛን ጠብቆ ለማቆየት ግን ከአሸዋ ይከብዳል። ምክንያቱን ወደታች እንመለስበታለን።

አሸዋ ከሆነ

ጥልቀቱን አስቀድማችሁ ወስኑ። ከ2.5 እስከ 4 ሴ.ሜ. ስስ ይባላል፤ በቱቦ እየታጠበ ይኖራል። ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ጥልቅ ነው፤ ናይትሬት ለመፍታት ታስቦ የሚሠራ፣ ደቃቅ ቅንጣት የሚፈልግ፣ ከተቀመጠ በኋላ ከላይኛው 1 ሴ.ሜ. በታች የማይነካ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ. ያለው ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገባበት ነው፤ ለማጠብ ይጠልቃል፣ ናይትሬት ለመፍታት ደግሞ አይጠልቅም። አሸዋ ውስጥ ለሚያድር ዓሣ ከሆነ ወለሉን በሙሉ ከማጥለቅ በአንድ ጥግ ብቻ 7 ወይም 8 ሴ.ሜ. አድርጉ።

የቅንጣቱ መጠን ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. ለአብዛኛው ታንክ ይስማማል። ከ0.5 ሚ.ሜ. በታች ያለው እንደ ስኳር የላመ አሸዋ ያምራል፣ ለሚያጣሩ ጎቢዎችም ይመቻል፣ ፓምፕ ሲነካው ግን ይነሳል። ከ3 ሚ.ሜ. በላይ ያለው የተፈጨ ኮራል አይበርም፤ በቅንጣቶቹ መሃል ግን ዝቃጩ ወርዶ ይደበቃል፣ እናም በየሳምንቱ ካልታጠበ የናይትሬት ምንጭ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀትን በሴ.ሜ. አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ ሊትሩን ታገኛላችሁ። ደረቅ አራጎናይት በሊትር 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 120 በ60 ለሆነ ወለል 3 ሴ.ሜ. ለማልበስ 21.6 ሊትር፣ ማለትም 32 ኪሎ ያህል ይሆናል። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ስትቀንሱ 27 ወይም 28 ኪሎ ይበቃል።

ማጠብ ላይ አትቸኩሉ። የ20 ሊትር ባልዲ አንድ ሦስተኛውን በደረቅ አሸዋ ሙሉ፣ የውሃ ቱቦውን እስከ ባልዲው ታች አስገቡና እያማሰላችሁ አስፍስሱት። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ወተት ይመስላል። ስምንት አሥር ዙር ቢፈጅም እጃችሁ ከባልዲው ታች ጥርት ብሎ እስኪታይ ቀጥሉ፤ መጨረሻ ላይ በአርኦዲአይ (በማጣሪያ ንጹሕ በተደረገ) ውሃ አንዴ አለቅልቁት። እርጥብ ሆኖ በከረጢት የሚሸጠው ሕያው አሸዋ ግን አይታጠብም፤ ከታጠበ ለባክቴሪያው የከፈላችሁት ገንዘብ አብሮ ይፈሳል።

ድንጋይ ቀድሞ፣ አሸዋ ተከትሎ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል የማይገለበጥበት ምክንያት አለው፦ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ በጎቢ ወይም በሽሪምፕ ሲቆፈር ይዘማል፣ ሲወድቅም መስታወት ያገኛል። ድንጋዩ በቀጥታ ወለሉ ላይ በሦስት ነጥብ ተደላድሎ ይቁም፤ በእጅ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ አሸዋውን ዙሪያውን አፍስሱ፣ አንድ ሳህን አሸዋው ላይ አስቀምጡና የጨው ውሃውን ሳህኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ) ይሁን። ውሃው ቢነጣም አትደንግጡ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጠራል። እስኪጠራ የሞገድ ፓምፖቹን ዝቅ አድርጉ፤ ውሃውን የሚያጣራውን የጨርቅ ከረጢት፣ የፊልተር ሶኩንም፣ በየቀኑ ቀይሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋው ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሄዳል። አሸዋውን በየቀኑ ማማሰል አያስፈልግም።

ሳምንታዊው ጽዳት እንዲህ ነው። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ወለሉን በሐሳብ አራት ቦታ ክፈሉትና አንዱን ሩብ ብቻ እጠቡ፤ በወር አንድ ዙር ይሞላል። ሰፊ አፍ ያለውን የማጠቢያ ቱቦ አሸዋው ውስጥ እስከ መስታወቱ ድረስ ትከሉት። አሸዋው በቱቦው ውስጥ ተነስቶ ይዞራል፤ ቡናማው ደመና ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይሮጣል፣ አሸዋው ደግሞ ይከብደዋል። አሸዋው ወደ ቀጭኑ ቱቦ አፍ ሲጠጋ ቱቦውን በጣታችሁ ጨምቁት፤ ወርዶ ሲቀመጥ ልቀቁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙት ደመናው ይጠራል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቦታ። ይህ ለስስ አሸዋ ብቻ ነው። ዓመታት ያስቆጠረና ታጥቦ የማያውቅ አሸዋ ላይ ድንገት ከጀመራችሁት የተከማቸው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይበተናል።

በአሸዋ ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች ሁለቱ ሳይታወቁ ይመጣሉ። አንደኛው አሸዋው መጋገሩ ነው፤ በጣት ሲነካ እንደ ዳቦ ቅርፊት በቁራጭ ይነሳል። መንስኤው ካልክቫሰር (የኖራ ውሃ) ወይም የአልካሊኒቲ (ካርቦኔት የሚያሳድግ) መድኃኒት በአንድ ጊዜ በብዛት መጨመር፣ ወይም ማግኒዥየሙ ከ1,250 ሚ.ግ. በሊትር በታች መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ ውሃው ውስጥ መቆየት ሲያቅተው ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። ቁራጮቹን አውጡ፣ ማግኒዥየሙን አስተካክሉ፣ መድኃኒቱን በቀን ውስጥ በብዙ ከፋፍላችሁ ስጡ። ሁለተኛው የመስታወት ጭረት ነው። የአልጌ ማግኔቱን ወደ አሸዋው ከ3 ሴ.ሜ. በላይ አታስጠጉት፤ አንዲት ቅንጣት በመሃል ከገባች የምትተወው መስመር ታንኩ እስካለ አይጠፋም። ከአሸዋው ጋር የተያያዘችውን ጠርዝ በፕላስቲክ መፋቂያ፣ ከታች ወደ ላይ ፋቁ።

ባዶ ወለል ከሆነ

ድንጋይ ቢወድቅ መስታወቱን የሚያድን የፕላስቲክ ሰሌዳ ማንጠፍ ይቻላል። 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ይበቃል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ቁሱ ላይ ነው፦ ፖሊኢታይሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ ሲሊኮንም በወጉ አይዘውም፤ ከድንጋዩ ክብደት ሥር ካልዋለ ታንኩ ሲሞላ ይነሳል። ድፍን ፒቪሲ ግን ይሰምጣል። ሰሌዳውን ከየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. አሳንሳችሁ ቁረጡት፤ የታንኩን የሲሊኮን ስፌት መግፋት የለበትም። በዚያች ክፍተት ዝቃጭ መግባቱ ስለማይቀር ድንጋያቸው በደንብ የተደላደለ ሰዎች ሰሌዳውን ትተው የታንኩን ሥር ከውጭ ቀለም መቀባትን ይመርጣሉ። በጊዜ ብዛት ኮራላይን አልጌ ወለሉን በሐምራዊ ስለሚሸፍነው የጀመራችሁበት ቀለም ብዙም አይታይም።

ድንጋዩን ከወለሉ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጉት። ከፒቪሲ ቧንቧ የተቆረጡ አጫጭር እግሮች ይበቃሉ። ውሃው ከሥር ካላለፈ ዝቃጩ ከድንጋዩ ሥር ይመሽጋል፤ ቱቦ የማይደርስበት ዝቃጭ ካለ ደግሞ ባዶ ወለል የመረጣችሁበት ምክንያት ፈረሰ ማለት ነው።

ከዚያ ፓምፖቹን አስተካክሉ። ግቡ ወለሉን በሙሉ መጥረግ ብቻ አይደለም፤ ዝቃጩ ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ጥግ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። አንዱን የሞገድ ፓምፕ ከድንጋዩ ኋላ ወለሉን ተከትሎ እንዲነፍስ አድርጉ፤ ሌሎቹን ከላይ። አሁን አንድ ቁንጥጫ የሚሰምጥ የዓሣ ምግብ ጨምሩና ለ20 ደቂቃ ተመልከቱ። ፍርፋሪው የሚሰበሰብበት ቦታ ሦስት ወይም አራት ከሆነ የፓምፖቹን አቅጣጫ በጥቂቱ እየለወጣችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ፊት ለፊት ባለ አንድ ጥግ ላይ ሲከማች ፓምፖቹን እዚያው እሰሯቸው። ሳምንታዊ ሥራችሁ ያቺን ጥግ በ12 ሚ.ሜ. ቱቦ መሳብ ብቻ ይሆናል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። ባዶ ወለል ላይ የሚበረታው ችግር ቆሻሻ መብዛቱ አይደለም፤ ማነሱ ነው። ጠንካራ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ፊልተር ሶክ፣ ፎስፌት ማስወገጃ ሚዲያ፣ በላዩ ላይ ሳምንታዊ ጽዳት ሲደራረቡ ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ይሆናል። ኮራሉ ይገረጣል፤ ባዶውን ሜዳ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሕይወት ይይዘዋል። ምልክቱ ቡናማ ንፍጥ መሰል ክር ነው፣ ጫፉ ላይ አረፋ ያንጠለጥላል፣ ማታ ይቀንሳል፣ መብራት በበራ በጥቂት ሰዓት ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጽዳት ይጨምራል፤ ያባብሰዋልም። ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ. በሊትር፣ ፎስፌቱን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚ.ግ. በሊትር መሃል አቆዩት። ወደ ዜሮ ሲጠጉ መጀመሪያ የፎስፌት ማስወገጃውን አውጡ፣ ቀጥሎ ምግብ ጨምሩ፣ ቀጥሎ ስኪመሩን በቀን ለጥቂት ሰዓታት አጥፉ።

አዲስ ባዶ ታንክ ሲጀመር ባክቴሪያው ያለው በድንጋዩ ላይ ብቻ ስለሆነ ዓሣ አታጣድፉ። አሞኒያ እስከ 2 ሚ.ግ. በሊትር ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ዓሦች አስገቡ፤ ቀጣዮቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ።

የሁለቱ ቅይጥ

ባዶ ወለል ፈልጋችሁ አንድ ሃሊኮሬስ ከልባችሁ ካልወጣ የአሸዋ ሳጥን አለላችሁ። 20 በ20 ሴ.ሜ. የሆነ፣ 10 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው የመስታወት ወይም የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ 8 ሴ.ሜ. ደቃቅ አሸዋ ሙሉ፤ 3.2 ሊትር፣ ወደ 5 ኪሎ ማለት ነው። 2 ሴ.ሜ. ባዶ የቀረው ከንፈር ዓሣው ሲወረወር አሸዋው እንዳይበተን ያግዳል። ከድንጋይ ኋላ፣ ፓምፕ በማይነፋው ቦታ አስቀምጡት። ትልቁ ጥቅሙ ሲቆሽሽ ሳጥኑን አውጥቶ አሸዋውን መቀየር መቻሉ ነው፤ ዓሣው ውስጡ አለመኖሩን ግን በቀን፣ በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ሐሳብ ሲቀየር

ከባዶ ወደ አሸዋ መሄድ ይቀላል። አሸዋውን እጠቡ፣ ፓምፖቹን አጥፉ፣ 5 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ እስከ ወለሉ አስገብታችሁ አሸዋውን በቧንቧው ውስጥ አውርዱ። በአንድ ቀን ከ1 ሴ.ሜ. አትለፉ፤ ቀጣዩን ከሳምንት በኋላ።

የቆየ አሸዋ ማውጣት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በአንድ ቀን ከተነሳ በውስጡ የነበረው ባክቴሪያ አብሮ ይሄዳል፣ የተቀበረው አሞኒያና ሰልፋይድም ይለቀቃል። በሳምንት ከወለሉ ስፋት ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ፣ ከውሃ ቅየራ ጋር አንሱ። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ይደረግ፦ አሸዋው ላይ የቆመ ድንጋይ ካለ ሥሩ ሳይነካ እግር ይግባለት፣ በአሸዋ የሚያድሩ ዓሦች ሳጥናቸው ይዘጋጅላቸው፣ አዲስ የጨው ውሃ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ፓምፖቹን ሁሉ አጥፉ። ከ16 እስከ 20 ሚ.ሜ. ውስጣዊ ስፋት ያለው ቱቦ ያዙ፤ ከዚህ የጠበበ ይደፈናል። ከአንድ ጎን ጀምራችሁ ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መስታወቱ አውርዱ፣ አሸዋውን ሳታማስሉ እንደ መቁረጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቀሪው ክምር ወደ ተከፈተው ቦታ ቢንሸራተት ግድ የለም። የተሳበው ውሃ ተመልሶ አይገባም። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከመጣ ያን ቦታ ቶሎ ስባችሁ ጨርሱና ሥራውን ለዕለቱ አቁሙ፤ ከፓምፖቹ አንዱን ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ፣ አክቲቭ ካርቦን አስገቡ።

በማግሥቱ አሞኒያ ለኩ። 0.25 ሚ.ግ. በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሚቀጥለውን ዙር ለአንድ ሳምንት አሸጋግሩት፣ ምግብም ቀንሱ። ከድንጋዩ ሥር ያለውን የመጨረሻውን አሸዋ ለመጨረሻ ተዉት፤ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ያለው እዚያ ስለሆነ በጠባብ ጠንካራ ቧንቧ ጫፍ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ድንጋይ እያላችሁ አውጡት። ሁሉም ከወጣ በኋላ ናይትሬትና ፎስፌትን ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ለኩ፤ ከአሸዋው ጋር ምንጩም ስለወጣ ቁጥሩ በድንገት ወርዶ ዜሮ ሊነካ ይችላል፤ ያኔ የሚስተካከለው ከላይ በተነገረው ቅደም ተከተል ነው።